ትምህርት ቤት ውስጥ ካውንስለር ሆናችሁ ለምትጀምሩ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ ሳይኮሎጂ ጨርሳችሁ ትምህርት ቤት ልትገቡ ያላችሁ ወይም ገብታችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይቺን የምጽፋት ለናንተ ነው። እድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ስራ ነውና ትንሽ ብለፈልፍ ታገሱኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚያጋጥማችሁ ልንገራችሁ፣ አንድ ቲቸር ልጅ እያዳፋ ያመጣና "ይሄን ልጅ አንድ በሉት፣ አስቸግሮናል" ብሎ በሩ ላይ ጥሎላችሁ ይሄዳል፣ እንደተበላሸ ሬዲዮ በ40 ደቂቃ ጠግናችሁ እንድትመልሱለት ነው የሚጠብቀው። ስራው ግን እንደሱ አይደለም። አብዛኛው ስራችሁ በልጁ ዙሪያ ካሉት ትልልቅ ሰዎች ጋር ነው፣ ከቲቸሩ፣ ከናት ካባቱ፣ የምታሳድገው አያቱ ከሆነች ከሷ ጋር፣ ምክንያቱም ልጁ እናንተ ጋር በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው፣ ሌላውን ሰአት በሙሉ ከነሱ ጋር ነው የሚውለው የሚያድረው።

ላይትነር ዊትመር የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1896 ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ሲከፍት የመጀመሪያ ባለጉዳዩ ማን ነበር መሰላችሁ? ቃላት በትክክል መጻፍ ያቃተው ተማሪ፣ ያመጣችውም አስተማሪ ናት። ዊትመር ሲመረምረው ልጁ የአይን ችግር ነበረበት፣ መነፅር ተደረገለት፣ ከዛ ማስጠናት ተጨመረበት። ስለዚ "ትኩረት የለውም" የተባለ ልጅ ሲመጣላችሁ ገና ለገና ትልቅ የበሽታ ስም አትለጥፉበት፣ አይኑ ታይቷል ወይ፣ ጆሮውስ፣ ስንት ሰአት ነው የሚተኛው፣ በልቶ ነው የመጣው? ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የሚቋጥርበት ልጅ አንዳንድ ሳምንት ይሰማል አንዳንድ ሳምንት አይሰማም፣ ቲቸሩ ደሞ "ሲፈልግ ነው የሚሰማው" ይላል፣ ልጁም ይቀጣል።

ከዛ ክላስ ገብታችሁ ከኋላ ቁጭ በሉ። ከመረበሹ በፊት ምን ተፈጠረ፣ ከረበሸ በኋላስ ምን አገኘ? ተነስተህ አንብብ በተባለ ቁጥር ጎኑ ያለውን ልጅ ገፍቶ ከክላስ የሚባረር ከሆነ መባረሩ ቅጣት ሳይሆን ማምለጫ ሆኖለታል ማለት ነው፣ እስቲ ማንበብ ይችል እንደሆነ እዩለት።

ወላጆች ጋር ስንመጣ፣ ብዙ ወላጅ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ስልኩ ላይ ሲመጣ ልቡ ድንግጥ ነው የሚለው፣ ለደግ ተደውሎለት አያውቅማ። እናንተ መጀመሪያ ለደግ ደውሉ፣ "ልጅዎ ዛሬ ወድቃ የምታለቅስ ጓደኛዋን ስታባብል አየኋትና ደስ ብሎኝ ነው የደወልኩት" በሉ፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ። እናትየው ስትመጣም ወንበሩ ጫፍ ላይ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ከተቀመጠች ወቀሳ ጠብቃ ነው የመጣችው፣ ወዲያው እስክሪብቶ አታንሱባት፣ "ቤት ውስጥ ምን ችግር አለ?" ብላችሁም አትጀምሩ፣ "እርስዎ ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ሲከፋው ምን ሲያደርጉለት ነው የሚረጋጋው?" በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ።

አንዳንዴ መፍትሄው ያለው እናትየው ጋር ነው። ቤት ውስጥ ስትዘፍን ስትለፈልፍ የምትውል ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ቃል የማይወጣት አለች፣ ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም ይሉታል፣ ቲቸሮች ግን "እልኸኛ ናት" ይሏታል። እልህ አይደለም፣ ጭንቀት ነው፣ "እስቲ ስምሽን ንገሪን" እያሉ ሰው ፊት ማስጨነቅ ደሞ ያባብሰዋል። የሚሰራው ምን መሰላችሁ፣ ተማሪ በሌለበት ሰአት እናትየው ባዶ ክላስ ውስጥ ከልጅቷ ጋር ትጫወታለች፣ ልጅቷ ማውራት ስትጀምር ቲቸሯ በሩ ጋ ትቆማለች፣ ሌላ ቀን ትንሽ ትጠጋለች፣ ሌላ ቀን ጨዋታው ውስጥ ትገባለች፣ እናትየው ቀስ እያለች ትወጣለች። ይሄ ጊዜ ይፈጃል፣ ዳይሬክተሩም "እስካሁን አልተናገረችም እንዴ?" እያለ ያሰለቻችኋል፣ ቻሉት።

ሚስጥር ላይ ጠንቀቅ በሉ። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ገና ሳታወሩ በፊት ልጁን "ሰው የሚጎዳህ ከሆነ ወይ ራስህን ወይ ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ እንድትጠበቅ ስል ለሚመለከተው ሰው መንገር አለብኝ፣ ሌላው እዚሁ ይቀራል" በሉት። ስታፍ ሩም ውስጥ "ልጁ ምን አለህ?" ብሎ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም፣ ለቲቸሩ ክላስ ውስጥ ምን ቢያደርግ እንደሚረዳው ንገሩት እንጂ የቤቱን ጉድ አትዘርግፉለት። ልጁ ራሱን ስለማጥፋት ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደሞ በቀጥታ ጠይቁት፣ ብጠይቀው ሀሳቡን አስገባበታለሁ የሚባለው ፍርሀት ልክ አይደለም፣ አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ለቤተሰቡ ንገሩ (አደጋው ከቤት ካልሆነ)፣ በዛው ቀን ሀኪም ጋ እንዲደርስ አድርጉ።

ፋይል ላይ ስትጽፉ "ረባሽ"፣ "ግዴለሽ እናት" ምናምን አትጻፉ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ያ ወረቀት ልጁን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ አዲሱም ቲቸር ልጁን ሳያየው በፊት እሱን ነው የሚያነበው።