«ሁለት ኢ-ዋን» ስንት ሜጋ ይመነዘራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ቢሮ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሁለት የኢ-ዋን መስመር (ብዙ የስልክ ንግግር በአንዴ የሚያሳልፍ ዲጂታል መስመር) ሊከራይ ስለሆነ ደብዳቤውን እኔ አረቀቅሁ። «ሁለት ኢ-ዋኖች» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ «ኖች»ን በቀይ ሰረዙት። ቀጥዬ «ወደ ሜጋ ሲለወጥ 4 ሜጋ በሰከንድ» አልኩ። የአይቲው ልጅ ደግሞ «ሲመነዘር በይ እንጂ» አለኝ። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለቱም ረትተውዎታል።

ከአለቃዎ እንጀምር። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል ይውላል። «አራት ኪሎዎች» ያለ ረዳት ሰምተው ያውቃሉ? ሦስት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሁለት ሊትር ዘይት፣ መቶ ብር እንላለን። መለኪያ ከቁጥር በኋላ ሲመጣ ነጠላ ሆኖ ይቀመጣል፤ ብዛቱን ቁጥሩ ተናግሮታል። ኢ-ዋንም እዚህ የሚከራዩት መጠን ስለሆነ «ሁለት ኢ-ዋን» ይበቃል። መስመሮቹ ተተክለው ሲታወቁ ግን ነገሩ ይለያል። «ከሁለቱ ኢ-ዋኖች አንዱ ተቋርጧል» ብለው ቢያመለክቱ አለቃዎም ቀይ እስክሪብቶ አያነሱም።

ኪሎን ካነሳን አይቀር፣ ይቺ ቃል እንዴት ያለች ተንኮለኛ ናት! አራት ኪሎ ላይ ኪሎ ሜትር ናት፤ አትክልት ቤት ስትገባ ኪሎ ግራም ትሆናለች፤ የመስመር ባለሙያ «ስልሳ አራት ኪሎ» ሲል ደግሞ ኪሎ ቢት። ቦታው ስለሚነግረን አንሳሳትም። «ሜጋ» ላይ ግን ቦታው አያድነንም። መስመር የሚለካው በቢት (0 ወይም 1 በምትሆነው ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ሲወርድ የምናየው ብዙውን ጊዜ በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የእርስዎ «4 ሜጋ» ባይት መስሎት የሚያነብ ሰው መስመሩን ስምንት እጥፍ አሳድጎት ቁጭ ይላል። ስለዚህ በንግግር «አራት ሜጋ» ይበሉ፣ ግድ የለም። በደብዳቤ ግን «ሜጋ ቢት» ይሙሉት።

አሁን ወደ ግሡ። የአይቲውን ልጅ ወድጄዋለሁ። «መለወጥ» እና «መቀየር» ዕቃውን ራሱን ይነካሉ። ጫማ ይለወጣል፣ ጎማ ይቀየራል። «ኢ-ዋኑ ወደ ሜጋ ይለወጥልን» ብለው ጽፈው ባለሙያው መሰላል ተሸክሞ ቢመጣ አይፍረዱበት። «መመንዘር» ግን የገንዘብ ቃል ነው። ባለ ሱቁን «መቶ ብር መንዝርልኝ» ስንለው ዋጋው ያው ነው፤ የሚለየው ኖቱ ነው። ኢ-ዋንም ተመንዝሮ ያው መስመር ነው። «ዘርዝርልኝ» የሚለውም አለ፤ እሱ ግን ከትልቅ ወደ ትንሽ ብቻ ይሄዳል። ሜጋ ቢቱን ሰብስበው ወደ ኢ-ዋን ሲመለሱ አይሆንዎትም።

ታዲያ ምንዛሬ ካለ ተመን አለ። ድምፅ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የስልክ ንግግር በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ይፈጃል። (እዚህ ኪሎ 1000 ናት፣ 1024 አይደለችም።) ኢ-ዋን እንዲህ ያለ 32 ቻናል (መተላለፊያ) ስላለው 2.048 ሜጋ ቢት ይሆናል። ንግግር የሚያልፈው ግን በ30ው ነው። አንዱ መስመሩን ለማናበብ፣ ሌላው ለጥሪ ምልክት ይቀመጣል።

ሁለተኛውን ወጥመድ ልንገርዎት። መሣሪያው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መመሪያው ቲ-ዋን (የኢ-ዋን የአሜሪካ አቻ) ሊልዎ ይችላል። ቲ-ዋን እ.ኤ.አ. በ1962 እዚያው አሜሪካ ሥራ የጀመረ ሲሆን 24 ቻናልና 1.544 ሜጋ ቢት ነው። «አምስት ቲ-ዋን ስንት ኢ-ዋን ነው?» ቢባሉ «በምን?» ብለው ይጠይቁ። በንግግር ከሆነ አራት ነው፤ ሁለቱም 120 ንግግር ያሳልፋሉ። በቢት ከሆነ ግን አንዱ 7.72፣ ሌላው 8.192 ሜጋ ቢት ነውና አይገናኙም። አማርኛችን እዚህ ላይ ብልህ ነው፤ «በ» የሚለው ፊደል መጠየቁን ያስታውሳል። ብር በዶላር ይመነዘራል፣ ኢ-ዋንም በቢት ወይም በንግግር።

ባንክ ቤት እንደሚቆረጠው ኮሚሽን እዚህም ቆራጭ አለ። ኤስቲኤም-ዋን የሚባለው ትልቁ መስመር 155.52 ሜጋ ቢት ነው። ለ2.048 ቢያካፍሉት 75 ኢ-ዋን ሊወጣው ይመስላል። የሚይዘው ግን 63 ነው። ቀሪው ለማሸጊያና ለቁጥጥር ይሄዳል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን አለቃዎም አላዩትም። «4 ሜጋ በሰከንድ» አማርኛ አይመስልም። መኪና «በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር» ይሄዳል እንጂ «ስልሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት» አይሄድም። ጊዜው ይቀድማል።

ደብዳቤው ላይ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ከተከራከርን በኋላ፣ ግሡም አያስፈልግዎትም። እንዲህ ይጻፉት፦ «መሥሪያ ቤታችን ሁለት የኢ-ዋን መስመር መከራየት ይፈልጋል። ጠቅላላ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.096 ሜጋ ቢት ነው።» አለቃዎ ነጥብ ዜሮ ዘጠና ስድስቷን ከሰረዟት እሷን ይሟገቱላት።