ውክልና ኑዛዜን አይተካም

ከፍኖተ ሰላም የደረሰን ጥያቄ፦ «አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። በትዳራቸው ዘመን የሠሩት ቤት ከተማ ውስጥ አለ፤ ገጠርም መሬት አላቸው። አባቴ ‹ሙሉ ውክልና እሰጥሻለሁ፣ ስሞት ቤቱ ላንቺ ይሁን› ይላሉ። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ግን አይስማማም። ውክልናው ይበቃኛል?»

እህቴ፣ አይበቃዎትም። ውክልና በመሠረቱ የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካሉ ነው። አባትዎ ሲያርፉ፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232)። በሕይወት ሳሉም ቢሆን ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ አይሆንም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ኪራይ ለመሰብሰብና ግብር ለመክፈል ይጠቅማልና ለዚህ ይስጡዎት።

ቤቱ በትዳር ውስጥ ከተሠራ የጋራ ነው። እናትዎ ሳይናዘዙ ካረፉ፣ የእሳቸውን ግማሽ ልጆቻቸው እኩል ይወርሱታል። ስለዚህ አባትዎ ሊናዘዙ የሚችሉት በራሳቸው ድርሻ ብቻ ነው። ኑዛዜው «ቤቴን በሙሉ» ብሎ ከጀመረ ወንድምዎ በእናቱ ድርሻ ተከራክሮ በቀላሉ ያሸንፋል።

በጎጃም ብዙ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት የንስሐ አባቱንና ጎረቤት ጠርቶ በቃል ይናዘዛል። ሕጉ ግን በቃል ኑዛዜ የሚፈቅደው የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አሳዳጊነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ነው። ቤት በቃል አይተላለፍም።

ስለዚህ አባትዎ አሁን፣ አእምሯቸው ጤነኛ ሳለ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ያድርጉ (ቁጥር 881)። መጻፍ ባይችሉም ቃላቸውን ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል። ከዚያ እሳቸውና አራት ምስክሮች በአንድነት ባሉበት ይነበባል፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። እባክዎ ይህን ልብ ይበሉ፦ «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቧል» የሚል ቃልና ቀኑ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። የአባት ፈቃድ እውነት ሆኖ ሳለ ይህች መስመር በመዘለሏ ኑዛዜ ሲፈርስ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ከቻላችሁ ይህን ምረጡ፤ በኋላ ምስክር ጠፋ፣ ምስክር ተገዛ የሚባለውን ክርክር ያስቀራል። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ ይሁኑ፤ እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ ምስክር አይሁኑ።

ወንድምዎን በዝምታ ማለፍ አይበጅም። አባት ልጁን ከውርስ የሚነቅለው በግልጽ ጽፎና ምክንያቱን ገልጾ ነው። ምክንያት ከሌላቸው ለእሱም ድርሻ ይተዉለት፤ ለእርስዎ ስለ ድካምዎ ጨመር ቢያደርጉ ግን ይችላሉ።

መሬቱ ለብቻው ይታያል። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የይዞታ መብቱ ነው፣ እሱም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት። ኑዛዜው ከመጻፉ በፊት የይዞታ ደብተሩን ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ የእናትዎ ስም ደብተሩ ላይ መኖር አለመኖሩንም ያረጋግጡ።