የግቢ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ያስይዛል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ክረምት በገባ ቁጥር ግቢሽ በቀንድ አውጣ ይሞላል፣ አይጡም አላስቀምጥ ብሎሻል፣ ትንሹ ልጅሽ ደግሞ ቀንድ አውጣ እየለቀመ ይጫወታል። ጎረቤትሽ «ቢልሃርዚያ ያስይዘዋል» ስላለችሽ ጨንቆሻል። እዚሁ ባሕር ዳር በባዮሎጂ ላብራቶሪ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከጣና ዳርም ከጓሮም የተለቀመ ቀንድ አውጣ ብዙ ከፍቼ አይቻለሁ።

አያስይዘውም። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ እኛ አገር ዋናው ባዮምፋላሪያ የሚባለው ነው። የተያዘውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አድርገን ብርሃን ላይ ስናስቀምጠው፣ ጭራቸው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ እጮች ይለቃል። በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ውኃውን እያመሱት ነው። ቆዳ በስተው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ልጅሽን መጠበቅ ያለብሽ ከሐይቁ ዳር ጥልቀት ከሌለው ውኃና ከመስኖ ቦይ ነው። ዘጌ ላይ የተማሪዎች ሰገራ ሲመረመር በሽታው ተገኝቷል፣ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

የግቢው ቀንድ አውጣ ግን የራሱ ትል አለው፣ አይጥ ያልሽውም እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ብራኪላይማ የሚባል ጠፍጣፋ ትል አለ። አድጎ የሚኖረው በአይጥና በወፍ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከአይጧ ኩስ ጋር መሬት ላይ ይወድቃል፣ ቀንድ አውጣው ቅጠል ሲግጥ አብሮ ይበላዋል፣ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ ዛጎሉ ጫፍ ላይ ወዳለው ጉበት መሰል ክፍል ያልፋል። ጤነኛውን ስንከፍት ይሄ ክፍል ለስላሳና ወጥ ቡናማ ነው። የተያዘው ላይ ግን ነጭ ክር እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ እያወጣ ተሰራጭቶበት ታያለሽ፣ በመርፌ ነካ ስታደርጊው ክሩ ይበጠስና ከውስጡ እጮች ይፈስሳሉ። የእነዚህ ጭራ በጣም አጭር ነው፣ መዋኘት አይሆንላቸውም። ከቀንድ አውጣው ልፋጭ ጋር ይወጡና እርጥበት ባለበት ሌላ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ኩላሊቱ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አይጧ ያንን ቀንድ አውጣ ስትበላ ዙሩ ይሞላል። ክረምት ላይ ሁሉም ነገር የሚበዛው ለዚህ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ይሄ መንገድ አይሠራም።

ሰው ይያዛል ወይ? አልፎ አልፎ፣ አዎ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ላይ መገኘቱ ተጽፏል። የሚይዘው ግን ጥሬ ቀንድ አውጣ የዋጠ ሰው ነው። ልፋጩ እጅ ላይ ስለነካ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ወደ አፉ እንዳያደርግ ጠብቂው፣ ከጨዋታ በኋላ እጁን በሳሙና አስታጥቢው። ከጓሮሽ የምትቆርጪውን ሰላጣ ደግሞ ቅጠል በቅጠል እየለያየሽ እጠቢ፣ ምክንያቱም ጫጩቶቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፣ ቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ተሸጉጠው በቀላሉ ያልፉሻል። ጨው እየረጨሽ አትፍጂያቸው፣ አፈርሽን ነው የምታበላሺው። ይልቅ የተከመረውን ጡብና እንጨት አንሺ፤ አይጡም ቀንድ አውጣውም የሚያድሩት እዚያ ስር ነው።

«በግ ሲታረድ ጉበቱ ላይ ያየሁት ቅጠል መሳይ ትልስ?» ብለሽም ነበር። ያ ፋሲዮላ ነው፣ የጉበት ትል። እሱም ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፣ ግን ረግረግ የሚወድ ሌላ ዝርያ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱና በጉ ሲግጡ ይገባቸዋል። የፎገራን ሜዳ ክረምት ላይ ያየ ሰው ለምን እንደሚመቸው ይገባዋል። ሰውን የሚይዘው ውኃ ዳር የበቀለ ቅጠል በጥሬው ሲበላ ነው፣ የታመመ ጉበት በመብላት አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ትል ካለበት ጉበት ዱለት የበላ ሰው በማግሥቱ ሰገራ ቢያስመረምር የፋሲዮላ እንቁላል ሊታይበት ይችላል፣ ሳይታመም። እንቁላሉ አብሮ ተበልቶ ዝም ብሎ አልፏል። ሳይታመሙ «ትል አለብህ» ተብለው የተጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንዲህ ከሆነ ለተወሰኑ ቀናት ጉበት ሳይበሉ ቆይቶ እንደገና መመርመር ነው። መድኃኒቱም አንድ አይደለም፤ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ፋሲዮላን አያድንም፣ ለሱ ትራይክላቤንዳዞል ነው። ስለዚህ የልጅሽን ሆድ ከቆረጠው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ራስሽ ኪኒን አትግዢ። ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ምን በጥሬው እንደበላ ጭምር ንገሪያቸው።