ኤምአርአይ ዕጢውን አይቶ ዓይነቱን ለምን አይለይም?

ሰላም እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኤምአርአዩ ውጤት «ግሊዮብላስቶማ ወይም ሊምፎማ፤ ባዮፕሲ ይደረግ» እንደሚል ጽፈሻል፤ ሁለቱም የካንሰር ዓይነቶች ናቸው፣ ባዮፕሲ ደግሞ ከዕጢው ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ይህን ያህል ብር የወጣበት ምርመራ አንዱን መናገር እንዴት ያቅተዋል ብለሻል። ራዲዮሎጂስት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ።

ምስሉ ብዙ ይናገራል። ግሊዮብላስቶማ በጣም ስለሚፈጥን መሃሉ ይሞታል። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ሲሰጥ ዳር ዳሩ ብቻ ያበራና ወጣ ገባ ቀለበት ይመስላል። ሊምፎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ሆኖ ያበራል። ሴሎቹ ጥቅጥቅ ስላሉ ውሃ በመካከላቸው እንደልቡ አይንቀሳቀስም፤ ይህ ዲፊውዥን በሚባለው ምስል ላይ ይታያል።

ግን ሁሌ እንዲህ አይለይም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ሊምፎማም ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው ሕመምም እንደዚያው። እኛ አገር ደግሞ ቲቢ አለ፤ አንጎል ውስጥ የሚሠራው እብጠት ቁርጥ ካንሰር ይመስላል። በዚያ ላይ ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ወዲህ የግሊዮማ (ግሊዮብላስቶማም ያለበት የአንጎል ዕጢ ቤተሰብ) ስም የሚወጣው በጂኑም ጭምር ነው። አንዳንዴ ፍንጭ እናገኛለን። ቲ ቱ በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ደምቆ ፍሌር በሚባለው ላይ ከዳሩ በቀር የሚደበዝዝ ዕጢ ሳይ፣ አይዲኤች የሚባለው ጂኑ የተለወጠ አስትሮሳይቶማ የሚባል የግሊዮማ ዓይነት ይሆናል ብዬ በድፍረት እጽፋለሁ። ብዙዎቹ ግን ይህን ምልክት አያሳዩም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ዴክሳሜታዞን (የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ተጀምሮላቸዋል? ሊምፎማ በዚህ መድኃኒት ይሟሽሻል። አንድ ታካሚ አስታውሳለሁ፤ ራስ ምታቱ እንዲቀልለት ተብሎ ቀድሞ ተጀመረለት። ናሙናው ሲወሰድ ምንም አልተገኘም። ቤተሰቡ «ካንሰር አይደለም» ብሎ እልል አለ። ከሳምንታት በኋላ ዕጢው ብሶበት ተመለሰ። ያን ቀን ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቂው። ሊምፎማ ከተጠረጠረ፣ አንጎሉ ተጨንቆ ለሕይወት ካላሰጋ በስተቀር፣ መድኃኒቱ ከናሙናው በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል። ከተጀመረ ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ መቼ እንደጀመሩና ስንት እንደሚወስዱ ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው።

ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ሙሉ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ተቀበያቸው፤ የድሮ ሲቲ ስካን ካላቸው እሱንም አብረሽ ያዢ። ቀዶ ሐኪሙ መርፌውን የት እንደሚያስገባ የሚወስነው ምስሉን አይቶ ነው፤ የሞተውን መሃል ወግቶ ከተመለሰ ናሙናው ዋጋ የለውም።