ማዮርካን በብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ

በሜድትራኒያን ባሕር ዳርቻ ዕረፍታቸውን በብስክሌት ማሳለፍ ለሚፈልጉ ወገኖች ጥያቄ እንዲያቀርቡ ጋብዤ ነበር። ጥያቄዎቹ ከብዙ አቅጣጫ ቢመጡም መልሴን ደጋግሜ በምሄድባት በስፔኗ የማዮርካ ደሴት ላይ ወስኛለሁ። ማዮርካን የመረጥሁት ሜዳዋና ተራራዋ እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ጀማሪውም ልምድ ያለውም በአንድ ሆቴል አድረው ጠዋት እንደየአቅማቸው ወደሚመጥናቸው መንገድ መውጣት ስለሚችሉ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ የእኔና የባለቤቴ የዓመት ፈቃድ የሚገጥመው ሐምሌ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት መንዳት ይቻላል ወይስ ሌላ ዓመት እንጠብቅ?

መልስ፦ ምርጫ ቢኖራችሁ ኖሮ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለውን ጊዜ አስቀድም፣ መስከረምን ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጥ ነበር። በጸደይ የቀኑ ሙቀት ሃያ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ነጩ የኖራ ድንጋይ ተራራም ሙቀቱን መልሶ ፊት ላይ ይተፋል። ይሁን እንጂ ሐምሌ ብቻ ካላችሁ ጉዞውን ሳይሆን ሰዓቱን ለውጡ። ጎሕ ሲቀድ ወጥታችሁ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ቀሪውን ቀን ለባሕሩ ስጡት። በበጋ ከሰዓት በኋላ በፓልማና በአልኩዲያ ባሕረ ሰላጤዎች በኩል የአገሩ ሰው ኤምባት የሚለው የባሕር ነፋስ ወደ መሀል አገር ስለሚገባ፣ አርፍዶ ወደ ጠረፍ የሚመለስ ሰው ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ነፋሱንም በፊቱ ይቀበላል።

መስከረም ሲቃረብ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባሕሩ በመስከረም 25 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ስለሚቆይ፣ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣበት ድንገተኛና ኃይለኛ ዝናብ ይወልዳል። በጥቅምት 9 ቀን 2018 በደሴቷ ምሥራቅ በሳንት ዮረንስ አካባቢ የወረደው ጎርፍ 13 ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ የአየር ትንበያው ማስጠንቀቂያ ካወጣ ሰማዩ ብሩህ ቢመስልም ወደ ሸለቆ አትግቡ።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ ብስክሌት የምነዳው ቅዳሜና እሑድ በመናፈሻ ውስጥ ብቻ ነው። የፎቶግራፎቹን ተራሮች ሳይ ይህ ለእኔ አይደለም እላለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ የሚያነሡት ተራራውን ስለሆነ እንጂ የደሴቷ መካከል ሰፊ ሜዳ ነው። የትራሙንታና ተራሮች ሰሜን ምዕራቡን ጠረፍ ተከትለው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋሉ፤ ከእነርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ግን የወይራ፣ የበለስና የአልሞንድ ማሳዎች፣ በድንጋይ ካብ የታጠሩ ጠባብ መንገዶችና እርስ በርሳቸው ብዙም የማይራራቁ መንደሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እዚያው ያሳልፉ። ረቡዕ ቀን ከደረሱ የሲኔው መንደር ገበያ ይቆማል፤ በፔትራ መንደር አደባባይ ደግሞ ቡና የሚጠጡ ብስክሌተኞችን በማንኛውም የጸደይ ጠዋት ያገኛሉ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከካይማሪ መንደር ኮል ዴ ሳ ባታያ ወደተባለው የተራራ መተላለፊያ የሚወጣውን ዳገት እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገትነቱ በአማካይ 5 በመቶ ነው፤ በወይራ እርከኖችና በዛፍ ጥላ መካከል ስለሚያልፍና ድንገት የሚከብድ ቦታ ስለሌለው ትንፋሽን መጥኖ ለመውጣት ይመቻል። ጫፉ 576 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ነዳጅ ማደያና ቡና ቤት ስላለ ውኃ ይሞላሉ፤ ጥቂት አለፍ ሲሉም ጥንታዊውን የዩክ ገዳም ያገኙታል። ብስክሌት ሲከራዩ ከፊት ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ያለው እንዲሆን በግልጽ ይጠይቁ፤ በዚህ ማርሽ እግርዎ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዳገቱ ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ይጠይቃል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት መምረጥም ምንም ነውር የለበትም፤ ከጠንካራ የትዳር ጓደኛ ወይም ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው አብሮ ለመድረስ የሚያስችል ጥሩ መፍትሔ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እንጦጦን በየሳምንቱ እወጣለሁ። ሳ ካሎብራ የሚባለው ዳገት እውነት እንደሚወራው ከባድ ነው?

መልስ፦ እንጦጦን ለለመደ እግር ዳገቱ ራሱ አያስፈራም። ከባሕሩ ጠርዝ እስከ ኮል ዴልስ ሬይስ፣ ማለትም እስከ 682 ሜትር ከፍታ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ሲሆን፣ ዳገትነቱ በአማካይ 7 በመቶ ነው። የሚያስከብረው አሠራሩ ነው። መሐንዲሱ አንቶኒዮ ፓሪየቲ በ1930ዎቹ መጀመሪያ መንገዱን ሲዘረጋ፣ ተራራውን በመሿለኪያ ከመብሳት ይልቅ አካሄዱን እየተከተለ በጥምዝ ላይ ጥምዝ አነጠፈው። ከላይ አንድ ቦታ ላይ መንገዱ እንደ ከረባት ቋጠሮ ዙሮ በራሱ ሥር ያልፋል፤ እዚያ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው የሚመለስበትን ጥምዝ ሁሉ ከፊቱ ተዘርግቶ ያየዋል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ መንገዱ ባሕሩ ላይ ስለሚያልቅ መጀመሪያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ የወረዱትን ሁሉ መልሰው ይወጣሉ። በሰሜን ጠረፍ ካለችው የወደብ ከተማ ከፖርት ዴ ፖየንሳ ተነሥቶ ለሚመለስ ሰው ቀኑ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሳ ካሎብራ ከመድረሱ በፊትም ሌሎች ዳገቶች አሉ። ሁለተኛ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሚገኝ ከተማ መጥተው በባሕር ወለል አየር ሲተነፍሱ ኦክስጅኑ ስለሚበዛ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ልብ ይሄዱልዎታል። በደሴቷ ላይ በብስክሌት የሚደረስበት ከፍተኛው መተላለፊያ እንኳ፣ በፑች ማዮር ተራራ ሥር ያለው፣ 850 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ሙቀቱና ላቡ ያልለመዱት ስለሆነ ውኃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ይጠጡ። ቀትር ላይ የአስጎብኚ አውቶቡሶች በጠባቡ መንገድ ስለሚበዙም ጠዋት በማለዳ ይድረሱ።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ዳገት አልፈራም፤ የምፈራው ቁልቁለት ነው። አምና አንድ ጓደኛዬ ጥምዝ ላይ ወድቃ ክንዷ ከተሰበረ ወዲህ ፍሬኑን ከእጄ መልቀቅ አልቻልሁም።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም በማዮርካ ተራሮች ላይ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን መማር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፍሬንን ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ ጠርዘ ጎማውን ወይም ዲስኩን ያግላል፤ እጅን ያዝላል፤ በእውነት የሚያስፈልግበት ቅጽበት ሲመጣም የሚቀር ጉልበት አይኖርም። የሚሻለው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በሁለቱም ፍሬኖች ጠንከር አድርጎ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ጥምዙ ውስጥ ሲገቡ ፍሬኑን ለቀቅ ማድረግ ነው። እጅዎን ከመሪው የታችኛው ክፍል ላይ ያድርጉ፤ ክብደትዎ ይወርዳል፣ ጣትዎም ፍሬኑን በደንብ ይይዛል። ወደ ግራ ሲጠመዘዙ የቀኝ ፔዳልን፣ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዙ የግራውን ወደ ታች አድርገው ይርገጡበት። ዓይንዎ ግን ገደሉን ወይም የፊት ጎማውን ሳይሆን ከጥምዙ የሚወጡበትን ቦታ ይመልከት፤ ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

በዝናብ ወይም ከዝናብ በኋላ ያለው ጠዋት ደግሞ ራሱን ችሎ ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር ነው። አንዳንዱ የአስፋልት ክፍል በብዙ ጎማ ተፍቆ ለስልሷል፤ ጥላ ውስጥ የጥድ ቅጠል ይከማቻል፤ ፍየሎችም ጥምዝ ጀርባ ተኝተው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ቀን ወደ ሜዳው መውረድ እንጂ ተራራውን መሞገት አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ጥሩው ወቅት ጸደይ ከሆነ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ጾሜን ሳልፈታ እንዴት ልንዳ?

መልስ፦ ምግቡን በተመለከተ ደሴቷ ለጾመኛ ትመቻለች። ዳቦ በቲማቲም ታሽቶ የወይራ ዘይት የሚፈስበት ፓ አም ኦሊ በየመንደሩ አለ፤ ብዙ ጊዜ በዓይብ ወይም በሥጋ ስለሚቀርብ ያለ እነርሱ እንዲሰጥዎ ይናገሩ። ቱምቤት የሚባለው የድንች፣ የደበርጃንና የቃሪያ ወጥ፣ ትራምፖ የሚባለው የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ፣ የሶየር ሸለቆ ብርቱካንና የአገሩ አልሞንድ ሁሉ ይረዱዎታል። አጥብቄ የማሳስበው ግን ስለ ኤንሳይማዳ ነው። በየዳቦ ቤቱ መስኮት የሚታየው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለውና ስኳር የተነሰነሰበት ይህ ዳቦ በልማዱ የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው። ይህ ለጾመኛው ብቻ ሳይሆን አሳማ ለማይበላ ለማንኛውም ወገን፣ ለሙስሊሙም ለቤተ እስራኤሉም፣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ግን ተራራ መውጣት አደጋ አለው። በእንደዚህ ያሉ ቀናት አጭርና ሜዳማ መንገድ ይምረጡ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በልተው ጥቂት ይንዱ፤ ከመሄድዎ በፊትም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ የራሴን ብስክሌት በአውሮፕላን ልውሰድ ወይስ እዚያ ልከራይ? የእኔ ኤሌክትሪክ ነው።

መልስ፦ ይከራዩ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አየር መንገዶች ለመንገደኛ የሚፈቅዱት የሊቲየም ባትሪ ጣሪያ 160 ዋት ሰዓት ነው። ከራስዎ ይዘው የሚሄዱት ሄልሜት፣ ፔዳልና የለመዱት ጫማ፣ ከተቻለም ኮርቻዎ ይሁን፤ አንድ ሳምንት ሙሉ የሚያሠቃየው የማያውቁት ኮርቻ ነውና። ከኪራይ ቤቱ ሳይወጡ መለዋወጫ ካላማዳሪና የጎማ መንፊያ መኖሩን ይዩ፤ በተራራው ላይ ጎሚስታ አያገኙም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የቪዛው ነገር ምን ይመስላል?

መልስ፦ በጊዜ ይጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች የሼንገን ቪዛ መደበኛ የምርመራ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ታግዷል። ስለዚህ ለሚያዝያ ጉዞ በታኅሣሥ ወረቀትዎን ማሰናዳት ይገባል። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ እንዲሸፍን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የብስክሌት አደጋን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ራስዎ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ መኪኖቹስ? ሕጉስ?

መልስ፦ የስፔን ሕግ ብስክሌተኛን የሚያልፍ መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል፤ ከከተማ ውጭ ሄልሜት መልበስ ግዴታ ነው፤ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መሄድ ይፈቀዳል። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መንዳት ያስቀጣል፤ የአልኮል ገደቡም ብስክሌተኛን ይመለከታል። በፓልማና በሶየር መካከል ባለው ረጅም መሿለኪያ ብስክሌት አይገባም፤ በእርሱ ፈንታ በኮል ዴ ሶየር በኩል የሚያልፈው አሮጌ መንገድ እጅግ ደስ ይላል። ለአደጋ ጊዜ 112 ይደውሉ።

ጥያቄ (ከሚላኖ)፦ ልጆቼ አሥራ አራትና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በየቀኑ ብስክሌት ይሰለቻቸዋል። ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ በፖየንሳና በአልኩዲያ ባሕረ ሰላጤዎች ካያክ ተከራይቶ በጠዋቱ ጸጥ ባለ ባሕር ገደሉን ተጠግቶ መቅዘፍ ለዚህ ዕድሜ ይስማማል። ለእግረኛ ደግሞ የድንጋይ ካቦቹን ተከትሎ ተራራውን የሚያቋርጠው ጂ ኤር 221 የተባለ መንገድ አለ፤ ከእርሱ አንዱን ክፍል በግማሽ ቀን መሄድ ይቻላል። ከኤስኮርካ እስከ ሳ ካሎብራ የሚወርደው የቶረንት ዴ ፓሬይስ ሸለቆ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግድግዳዎቹ ከ200 ሜትር በላይ ይቆማሉ፣ ቋጥኝ መውረድና መሸጋገር ይጠይቃል፣ ሰዓታትም ይፈጃል። ያለ መሪ፣ ወይም ዝናብ ጥሎ ከሆነ፣ ልጆችን ይዘው አይግቡበት። ለዕረፍት ቀን ከ1912 ጀምሮ ከፓልማ ወደ ሶየር የሚመላለሰው የእንጨት ፉርጎ ባቡር ይበቃል።

ጥያቄ (ከአስመራ ወደ ኦስሎ የመጣ ወንድም)፦ የእኛ ሰፈር ልጆች በዚያ ተወዳድረው ያውቃሉ?

መልስ፦ አዎን፣ በክብር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በጥር 2022 በደሴቷ ከሚካሄዱት የወቅቱ መክፈቻ ውድድሮች አንዱን በአልኩዲያ አሸንፎ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የቤልጂየሙን የጌንት ቬቬልጌም ውድድር፣ በ2024 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፎችንና የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማልያ ወስዷል። የእኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ደሴቷ ራሷም የፌላኒች ከተማን ልጅ ጊዬም ቲሞኔርን አፍርታለች፤ ከ1955 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት ከሞተር ብስክሌት ኋላ በሚደረገው ውድድር ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

መልስ፦ በደሴቷ ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ባሕሩ የሚገባውን ፎርሜንቶርን። ከፖርት ዴ ፖየንሳ እስከ ጫፉ የመርከብ መብራት ማማ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህንንም መንገድ የነደፈው ፓሪየቲ ነው። መሀል ላይ ጨለማ መሿለኪያ ስላለ የፊትና የኋላ መብራት አይርሱ። ከሰሜን ትራሙንታና የተባለው ነፋስ በርትቶ ከነፈሰ ግን ገደሉ ጫፍ ላይ ብስክሌቱን ከእጅ ስለሚነጥቅ፣ በዚያ ቀን ከመጀመሪያው የኤስ ኮሎሜር ማማተሪያ አይለፉ፤ ባሕሩንና ቋጥኞቹን ከዚያው በደንብ ያዩአቸዋል።