ቅጠል አልባዋ ኦርኪድና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የቡና ማሳችንን የጥላ ዛፎች ስንመለምል ከወደቀ የሳሳ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንዳችም ቅጠል የሌለው፣ እንደተተረተረ የክር ልቃቂት የተዘረጋ ግራጫ ሥር አገኘሁ። በመካከሉ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች ነበሩበት። አባቴ «ተቀጽላ ነው፣ ዛፉን ይመጠዋል፣ ጣለው» ቢሉኝም አበቦቹ አሳዝነውኝ ወደ ቤት ወሰድኩትና በማሰሮ አፈር ተከልኩት። ምንድን ነው? ያድግስ ይሆን? (ከጅማ ዞን)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ዛሬውኑ ከአፈሩ ያውጡት። ከላኩት ፎቶግራፍ እንደተረዳሁት ያገኙት ማይክሮሲሊያ ከሚባለው የኦርኪድ (የአበባ ተክል ዓይነት) ወገን አንዱ ነው። በዚህ ወገን ውስጥ በአፍሪካና በማዳጋስካር የሚገኙ 30 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ሁሉም ቅጠላቸው ወደ ጥቃቅን ቡናማ ቅርፊት የተለወጠ በመሆኑ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁት በሥሮቻቸው ነው። ይህን በዓይንዎ ለማየት በደረቀው ሥር ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡ። ሥሩን የሸፈነው ስፖንጅ መሰል ልባስ ሲደርቅ አየር ስለሚሞላው ብርማ ግራጫ ይመስላል፤ ውሃ ሲመጥ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ ብዙም ሳይቆዩ ከልባሱ በታች ያለው አረንጓዴ ፈክቶ ይታይዎታል።

የአባትዎ ስጋት መነሻ አለው። እኛ «ተቀጽላ» የምንለው ቃል ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ያቅፋል፤ አንዱ ሥሩን ወደ እንጨቱ ሰርስሮ የዛፉን ውሃ የሚሻማው ጥገኛ ተክል ሲሆን፣ ሌላው ቅርፊቱን እንደ መቀመጫ ብቻ ይዞ ከዝናብና ከአየር እርጥበት የሚኖረው ነው። በዛፍ ላይ የሚያድጉ ኦርኪዶች የኋለኞቹ ናቸው። አንዱን ሥር በጥፍርዎ ቀስ ብለው ቢያነሡት ከበታቹ ያለው ቅርፊት ሳይበሳ ደህና ሆኖ ያገኙታል፤ ጥገኛውን ተቀጽላ ግን እንጨቱን ሳይቆርጡ ማላቀቅ አይቻልም።

ስለ አበቃቀሉ የምመክረው ቅርንጫፉ ገና ካልተማገደ ተክሉን መልሰው በለስላሳ የጨርቅ ጥብጣብ እንዲያስሩበትና ከነቅርንጫፉ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በቅጠል መሐል ተጣርታ በምትደርስበት ቦታ እንዲሰቅሉት ነው። ቅርንጫፉ ከሌለ ሸካራ ቅርፊት ያለው የወይራ ወይም የቡና እንጨት ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ ግን ቅርፊቱን ስለሚጥል አይሆንም። በበጋ በየጠዋቱ የዝናብ ውሃ ይርጩበት፤ እኩለ ቀን ሲሆን ሥሩ ዳግም ግራጫ መሆን አለበት። ከመድረቅ ይልቅ እርጥብ ሆኖ መሰንበት ይገድለዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዬን ተክል አዝኜለት በእርጥብ የዛፍ ሽበት ጠቅልዬው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሥሮቹ እንደበሰበሰ ሽንኩርት በእጄ ላይ ሟሙ። ማዳበሪያ ካሻዎ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በውሃ በጥብጠው በወር አንድ ጊዜ መርጨት ይበቃል። የሥሩ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ካዩት እያደገ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ዋንዛ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ግንዳቸው ያበጠ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ኦርኪዶች አሉ። በቅጠላቸው ልለያቸው ሞክሬ አልቻልኩም። (ከቦንጋ)

መልስ፦ በቅጠል ብዙ አይድከሙ፤ የአንድ ዝርያ ቅጠል ራሱ በጥላና በፀሐይ መጠኑ ይለያያል። አበባ እስኪያወጡ ይታገሡ። አበባው የተገለበጠ መስሎ፣ «ከንፈር» የምንለው ልዩ ቅጠለ አበባ ወደ ላይ ሆኖ አበባው እንደ ቆብ ከደፋ ፖሊስታኪያ ሊሆን ይችላል። ካበጠው ግንድ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ወጥቶ፣ የአበባው ከንፈር በማጠፊያ ላይ እንደተሰካ ሁሉ በትንፋሽዎ እፍ ሲሉበት ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ቡልቦፊለም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። የኋለኛውን ለማየት አጉሊ መነጽር መያዝ አለብዎት። ፎቶግራፍ ሲያነሡ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡት፤ የዛፉን ስምና የቦታውን ከፍታም አብረው ይጻፉ። ማስመሪያ የሌለበት የኦርኪድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከመገመት አያድነኝም።

ጥያቄ፦ እህቴ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። የኦርኪድ ተክል መላክ ካልተፈቀደ ዱቄት የመሰለውን ዘሩን በፖስታ ብልክላትስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይላኩ። የዱር ኦርኪዶች ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይቲስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ስምምነቱ ዘሩን በአብዛኛው ቢተወው እንኳ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዘርን ጨምሮ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለ ፈቃዱ የሚጠይቁት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ደግሞም ቢደርሳት አይበቅልላትም። የኦርኪድ ዘር እንደ ባቄላ ስንቅ ይዞ አይወለድም፤ በተፈጥሮ የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ሲያገኝ መሆኑን ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ያወቀው በ1899 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ደግሞ በ1922 እ.ኤ.አ. ፈንገሱን በስኳር ተክቶ በብልቃጥ ውስጥ አበቀለው። እህትዎ የአገሯን አበባ ከናፈቀች ኤራንጊስ ሉቴኦአልባ የምትባለውን፣ በነጭ አበባዋ መካከል ብርቱካናማ ቀይ ነጥብ ያላትን ትንሽ ኦርኪድ በዚያው ከሚያባዙ ሰዎች ትግዛ፤ በእኛም አገር የምትበቅል ናት፤ ከብልቃጥ ያደገችውም ከዱር ከተነቀለችው ይልቅ የቤት ኑሮ ይስማማታል።