«ቅጠሉ ረገፈብኝ» ለምትሉ፦ ከእትዬ ጋር የሰኩለንት ጥያቄና መልስ

የዛሬዋ መልስ ሰጪ ደብረ ብርሃን ነዋሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ግማሾቻችን «ቲቸር»፣ ግማሾቻችን «እትዬ» እንላቸዋለን። በረንዳቸው ላይ ሰው መቆሚያ የለውም፤ ሁሉም የሰኩለንት፣ ማለትም ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል፣ ፖት ነው።

እትዬ፦ ሰላም ልጆቼ። ሳንጀምር አንድ ነገር። «ቅጠሉ ረገፈ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ብቻ የሚጽፍ መልስ አያገኝም። የረገፈው ከታች ነው ከላይ? ለስላሳ ነው ደረቅ? ፖቱ ቀዳዳ አለው? ውሃ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ይህን ይዛችሁ ኑ።

አዲስ ጀማሪ፦ እትዬ፣ ጄድ የሚባለው ሰኩለንቴ በጣም ያምር ነበር። አሁን ገና ስነካው ቅጠሉ ዱብ ይላል። ቢጫ ሆኖ ውሃ የቋጠረ ይመስላል። በሁለት ቀን አንዴ አጠጣዋለሁ። አፈሩን ከጓሮ ነው ያመጣሁት።

እትዬ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ልጄ፣ ተክሉን እያሰጠምሽው ነው። ሰኩለንት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። ስሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ስር ደግሞ ውሃ አይስብም። ከላይ የምታይው መርገፍ የታችኛው ወሬ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርበታል። በዚያው አለቀ። ቅጠል ሲረግፍ ውሃ አትጨምሩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ።

የጠማው ተክል ሌላ ነው። የታች ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስትጫኚው እንደ አሮጌ ፊኛ ነው። ያንቺው ግን ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው አይደል?

ሁለተኛው ጥፋት አፈሩ ነው። የኛ አገር ጓሮ መረሬ ነው። ለጤፍና ለምስር ግሩም ነው። ፖት ውስጥ ሲገባ ግን እርጥብ ሲሆን ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ። ውሃ ይዞ አይለቅም። አንድ እጅ አፈር ወይም የበሰለ ኮምፖስት፣ ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ አድርጊ። ቀይ አሽ ለመንገድና ለቤት ሥራ የሚደፋው ነው፣ የትም አለ። አቧራውን ንፊበት። አሸዋውም ደቃቅ የልስን አሸዋ አይሁን፣ እሱ ከመረሬ ጋር ሲገጥም እንደ ሲሚንቶ ነው የሚጠጥረው።

አሁን ከፖቱ አውጪውና ስሩን እይው። ነጭ ከሆነ ተርፏል። ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ተመልሰሽ ንገሪኝ።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ፦ ቲቸር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?

እትዬ፦ ተክል ቀን አይቆጥርም። ስንጥር እስከ ታች ስደድበት። አፈር ይዞ ከወጣ ተወው። ደርቆ ከወጣ ውሃው በቀዳዳው እስኪወርድ አጠጣ፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፋ። እኔ ቤት በበጋ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በሐምሌና ነሐሴ ወር ሙሉ የማልነካቸው አሉ።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ፦ ታዲያ በሳምንት ስንት ማለት ነው?

እትዬ፦ ስንጥር!

ሴራሚክ ወዳጅ፦ የኔ ፖት ቀዳዳ የለውም። ከታች ጠጠር አድርጌበታለሁ።

እትዬ፦ ጠጠሩ አያድንም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ከላይ ይቆማል። እንዲያውም እርጥቡን ወደ ስሩ አስጠጋኸው። ብሳው።

የመሐል ሜዳው፦ ይቅርታ እትዬ፣ እኔ ሦስት ዓመት ጠጠር ላይ ነው የተከልኩት፣ ምንም አልሆነም።

ሴራሚክ ወዳጅ፦ አየሽ! ውድ ዕቃ ነው፣ ብበሳው ይሰነጠቃል።

የመሐል ሜዳው፦ ግን እኔ በወር አንዴ በሻይ ማንኪያ ነው የማጠጣው።

እትዬ፦ እንግዲህ ያዳነህ ማንኪያው ነው። ሴራሚኩን የሚወድ ሰው ተክሉን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ይትከልና ከነፕላስቲኩ ውስጡ ያስቀምጥ። ለማጠጣት ያውጣው። ይኸው ነው።

ታኅሣሥ፦ የኔ ከመስኮት ሥር ነው። ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት በመስታወቱ በኩል ያለው ብቻ ጠቁሮ ውሃ ሆነ። በሽታ ይሆን?

እትዬ፦ ስምሽ ራሱ መልስ ነው። ውርጭ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር አንዳንድ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። የሰኩለንት ቅጠል ደግሞ ውሃ የሞላ ከረጢት ነው። ውሃው በረዶ ሲሠራ ውስጡን ይቀደዋል። በረዶው ሲቀልጥ ቅጠሉ ይሟሽሽና ይወድቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማታ ፖቱን ከመስታወቱ አርቂ። መጋረጃው በተክሉና በመስታወቱ መሃል ይሁን እንጂ ተክሉን ከመስታወቱ ጋር አትቆልፊበት። በእነዚህ ወራት አፈሩ ደረቅ ይሁን፤ ደረቅ ተክል ብርዱን ይበልጥ ይችለዋል። በረንዳ ላይ ካለ ማታ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጊበት፣ ጠዋት አንሺ። አንቺ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበሽ ትተኛለሽ፣ እሱ የሞቃት አገር ልጅ እኮ ነው! የጠቆረውን አሁን አትቁረጪ፣ ይድረቅ።

ሮቢቴ፦ ሸዋ ሮቢትም ይረግፋል እኮ፣ ያለ ብርድ። ሰው ሁሉ ብርድ ብርድ ይላል።

የመሐል ሜዳው፦ አንተ በታኅሣሥ በቲሸርት እየዞርክ ስለ ቅጠል መርገፍ ታወራለህ?

ሮቢቴ፦ መንዝ ከበግና ከገብስ ሌላ ምን ይበቅላል ደግሞ!

የመሐል ሜዳው፦ ብርድ ልብስህ ከየት የመጣ መሰለህ?

እትዬ፦ ልጆች! በግ ሌላ ቀን። ሮቢቴ፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጥላ አውጥተህ ድንገት የቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጠኸው ከሆነ ይደነግጣል፣ ይጠበሳል፣ ይጥላል። የጠዋት ፀሐይ ስጠው። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመርክ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለማምደው።

ቡና በሦስተኛው፦ የቡና አተላ ብጨምርበትስ?

እትዬ፦ አይ። እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል። ለጎመንሽ ስጪው።

ስም የለሽ፦ ተክሌ ቅጠሉ ረገፈ። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ መግቢያውን አንብብ።

መንገደኛ፦ «የአህያ ጭራ» የሚሉትን ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ይዤ መጣሁ። ግማሹ ቅጠል መንገድ ላይ ቀረ።

እትዬ፦ እሱ በትንፋሽም ይረግፋል፣ ተፈጥሮው ነው። የታመመ አይደለም። ቦታ ያዥለትና አትነካኪው። የረገፉትንስ ጣልሻቸው? ደረቅ አፈር ላይ አጋድመሻቸው ቢሆን እያንዳንዱ ስር ያወጣ ነበር።

ነጭ ነጭ፦ ቅጠሉ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ።

እትዬ፦ ተባይ ነው፣ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ጥጥ አልኮል ነክረህ ጥረገው። በየሳምንቱ ድገመው። ከሌሎቹ ለየው።

አዴኒየም፦ የኔ አዴኒየም ተክል በኅዳር ቅጠሉን ጥሎ ሙሉ በሙሉ ተራቆተ!

እትዬ፦ ብርድ ሲገባ ይተኛል። ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ተወው። ውሃ አትጨምሪ።

አንኮበሬ፦ እትዬ፣ ይህን ሁሉ የውጭ ተክል ከምናስታምም የአገራችን የለም? ካላንቾ ብለው በውድ የሚሸጡት እንዳሁላ አይደለም እንዴ?

ሮቢቴ፦ እንዳሁላ ሌላ ነው፣ እሱ የአጥር አረም ነው።

እትዬ፦ አንኮበሬ ልክ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ እንዳሁላ የምንለው ራሱ ካላንቾ ነው። የሱቁ በአበባው ተመርጦ የተዳቀለ ነው። ሁለቱንም ከብት እንዳይበላቸው፣ ልብ የሚጎዳ መርዝ አላቸው።

ደግሞ ጥሩ ነገር አነሳህ። የሬት ዘመዶቻችንን እዩ። አንዱ በሳይንስ ስሙ አሎ ደብራና ይባላል፣ ከደብረ ብርሃን የተወሰደ ስም ነው። አንኮበር ገደል ላይ ደግሞ ግንዱ ወደ ታች የተንጠለጠለ አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት አሎ አንኮበሬንሲስ ብለው ሰየሙት። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉምና ቁር ባለበት ይኖራል። ዝናቡ ሳያበሰብሰው ለምን ይመስላችኋል? ገደል ስለሆነ ነው። ውሃ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። ነፋስ ስሩ ድረስ ይገባል። እኔ ያን ገደል ካየሁ በኋላ ነው በረንዳዬ ላይ ያሉትን ሳህኖች በሙሉ ያነሳሁት።

አንኮበሬ፦ ልቆፍርልዎት እንዴ አንዱን?

እትዬ፦ እጅህን ሰብስብ! በዓለም ላይ ያለው እዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ፎቶ አንሳልኝ።

አዲስ ጀማሪ፦ እትዬ፣ አወጣሁት። ስሩ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ላይኛው ቅርንጫፍ ግን ጠንካራ ነው።

እትዬ፦ ጎሽ። ንጹሕ ቢላ ያዢ። የተቆረጠው ፊት ንጹሕ አረንጓዴ እስኪሆን ቁረጪ፤ ቡናማ ነጥብ ካየሽ ትንሽ ከፍ በዪ። ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ ደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ትከይው። የድሮውን አፈር ድፊ።

አዲስ ጀማሪ፦ እሺ። ውሃስ እንደተከልኩት ላጠጣው?

እትዬ፦ ምን ስል ዋልኩ ልጄ? መጀመሪያ ስር ያውጣ!